ኢቪትሳ ዳቺች፦ መንግሥት ሲለወጥ እሱ ለምን አይወርድም?

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «በ1990ዎቹ የሰርቢያ መሪ የነበረው የሚሎሶቪች ፓርቲ ቃል አቀባይ የነበረ ሰው ዛሬም የሰርቢያ ሚኒስትር መሆኑን አነበብኩ። በመሃል ጠቅላይ ሚኒስትርም ሆኗል። መንግሥት ሲለወጥ እሱ እንዴት ይቀራል? ወላዋይ ነው ወይስ ብልህ? የአፍሪካ አገሮችን ከኮሶቮ ጋር ያቆራረጠውም እሱ ነው ይባላል። እውነት ነው?»

ሰላም ጠያቂያችን። ሰውየው ኢቪትሳ ዳቺች ይባላል። የባልካንን ፖለቲካ ለረጅም ጊዜ ስከታተል ስለ እሱ የተጠየቅኩትን ያህል ስለ ሌላ ሚኒስትር ተጠይቄ አላውቅም።

ብዙ ሰው መልሱን ጠባዩ ውስጥ ይፈልገዋል። ተጫዋች ነው፣ ዘፈን ይወዳል፣ ከሁሉም ጋር ይግባባል ይላሉ። እውነት ነው። በ2017 የቱርኩ ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ወደ ሰርቢያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ በመጡ ጊዜ እራት ላይ ተነስቶ በቱርክኛ ዘፍኖላቸዋል። ወንበሩን ያስገኘለት ግን ጨዋታ አዋቂነቱ አይደለም። መልሱ ያለው አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ 126።

ልግለጸው። የሰርቢያ ምክር ቤት 250 መቀመጫ አለው። በምርጫ ጊዜ አገሪቱ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ትቆጠራለች። እኛ አገር እንደለመድነው በየአካባቢው ለየብቻው ተወዳዳሪ አይቀርብም። ሰው የሚመርጠው የፓርቲ ዝርዝር ነው፤ መቀመጫውም ባገኙት ድምፅ ልክ ይከፋፈላል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ፓርቲው ነው፣ በተግባር ግን መሪው ነው። መንግሥት ለመመሥረት 126 መቀመጫ ያስፈልጋል። ሚሎሶቪችን የጣለው ትልቅ ጥምረት ከፈረሰ በኋላ ለዓመታት ያን ቁጥር ብቻውን የሞላ የለም። ስለዚህ 20 መቀመጫ የያዘ ሰው 100 የያዘውን ደጅ ማስጠናት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ ሚዛን ደፊ እንለዋለን። የዳቺችን ታሪክ በዚህ ዓይን ይከተሉኝ።

የተወለደው ጃንዋሪ 1 ቀን 1966 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የትውልድ ቦታው ፕሪዝረን ነው፣ ያኔ የሰርቢያ አካል በነበረችው ኮሶቮ ውስጥ። ይህችን ከተማ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ያደገው ግን ዢቶራጃ በምትባል ትንሽ የደቡብ ሰርቢያ ቦታ ነው። ቤልግሬድ ገብቶ በ1989 በፖለቲካ ሳይንስ ተመረቀ። ስሎቦዳን ሚሎሶቪች የሰርቢያ ፕሬዚዳንት የሆነውም በዚያው ዓመት ነው። በ1990 የሰርቢያ ሶሻሊስት ፓርቲ ተመሠረተ፤ የድሮዎቹ ኮሚኒስቶች አዲሱ ቤት ማለት ነው። ወጣቱ ዳቺች ወዲያው ገባ። በ1992፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ የፓርቲው ቃል አቀባይ ሆነ።

በዚያ ዘመን የዚያ ፓርቲ ቃል አቀባይ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ቦስኒያ እየነደደች ነበር። ዋና ከተማዋ ሳራዬቮ ተከባ ነበር። ሰርቢያ በማዕቀብ ታንቃ ነበር። በ1993 መጨረሻ የዋጋ ንረቱ ከመክፋቱ የተነሳ ባለ 500 ቢሊዮን ዲናር ብር ኖት ታተመ። ጠዋት የተቀበሉት ደሞዝ ማታ ዋጋ አልነበረውም። በ1999 ኔቶ ለ78 ቀናት ቦምብ ሲያዘንብ ፓርቲው የነበረበት የኡሽቼ ሕንፃም ተመታ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ካሜራ ፊት ቆሞ የፓርቲውን አቋም ያስረዳ የነበረው ዳቺች ነው። «ትንሹ ስሎባ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሎባ የሚሎሶቪች የቁልምጫ ስም ነው። ዳቺች በጦር ወንጀል ተከሶ አያውቅም። የዚያ ሥርዓት አንደበት ግን ነበር። ይህን አለባብሶ ማለፍ በዚያ ጦርነት ቤተሰባቸውን ላጡ ሰዎች ክብር መንፈግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኦክቶበር 5 ቀን 2000 ሕዝቡ ምክር ቤቱን ሰብሮ ገባ፤ ሚሎሶቪች ወደቀ። እስከ ቀጣዩ ምርጫ የሽግግር መንግሥት ቆመ። አሸናፊዎቹም ተሸናፊዎቹም አብረው ገቡበት። እርስ በርስ ስለማይተማመኑ የማስታወቂያ ሚኒስቴርን ለሦስት ሰው ሰጡት፤ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሦስት ሚኒስትር። ከሦስቱ አንዱ ዳቺች ነበር። የመጀመሪያ የሚኒስትርነት ወንበሩ ይህች ሲሶ ወንበር ናት። ጥቂት ወራት ብቻ ቆየ።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ሚሎሶቪች ጁን 2001 የዩጎዝላቪያን የጦር ወንጀሎች ለሚዳኘው የሄግ ፍርድ ቤት ተላልፎ ተሰጠ። አሳልፎ የሰጠው የጠቅላይ ሚኒስትር ዞራን ጂንጂች መንግሥት ነው። ሚሎሶቪች እስር ቤት ሆኖም የፓርቲው ሊቀመንበር እንደሆነ ቀጠለ። በ2002 ፓርቲው የራሱ ፕሬዚዳንታዊ እጩ እያለው፣ ሚሎሶቪች ከሄግ ሆኖ የሌላ ፓርቲ መሪ የነበረውን ቮይስላቭ ሼሼልን ደገፈ። አገር ቤት ያሉት ሶሻሊስቶች ለሁለት ተሰነጠቁ። ዳቺች ራሱ በ2004 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ 4 በመቶ ገደማ ብቻ አገኘ።

ሚሎሶቪች ማርች 2006 በእስር ቤት ሞተ። በዚያ ዓመት መጨረሻ በተደረገው ጉባኤ ዳቺች ሚሎራድ ቩቼሊችን አሸንፎ ሊቀመንበር ሆነ። የተረከበው ፓርቲ ግን ሊሞት የተቃረበ ነበር። ምክር ቤት ለመግባት 5 በመቶ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በጃንዋሪ 2007 ምርጫ ሶሻሊስቶቹ 5.6 በመቶ አገኙ። ከግማሽ ነጥብ ትንሽ በላይ ብትቀነስ ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ሰው ባልጠየቁኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ወቅት ደረስን፤ 2008። ኮሶቮ ፌብሩዋሪ 17 ነጻነቷን አወጀች። የቤልግሬድ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ተጣልቶ ፈረሰ። ሜይ 11 ምርጫ ተደረገ። ውጤቱን ወረቀት ላይ ጻፉትና ይደምሩ። የፕሬዚዳንት ቦሪስ ታዲች የአውሮፓ ደጋፊ ጎራ 102። ራዲካሎች የሚባሉት የሼሼል ብሔርተኞች 78። የጠቅላይ ሚኒስትር ኮሽቱኒትሳ ወገን 30። የዳቺች ጥምረት 20። ለዘብተኛው ሊበራል ፓርቲ 13። የአናሳ ብሔረሰቦች ወኪሎች 7። ራዲካሎቹና ኮሽቱኒትሳ ዳቺችን ቢጨምሩ 128 ይሆናሉ። ታዲችም ዳቺችን ካገኘ በጥቂት አናሳ ብሔረሰቦች ወኪሎች ታግዞ 126ን ያልፋል። ያለ ዳቺች ግን ሁለቱም ዋና ጎራዎች ተቸገሩ።

ዳቺች መጀመሪያ የሄደው ወደ ራዲካሎቹ ነበር። የቤልግሬድን ከተማ አስተዳደር አብረው ለመያዝ ተስማሙ። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለ። ከዚያ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ፊቱን አዙሮ ከታዲች ጋር ተስማማ። ጁላይ 7 ቀን መንግሥቱ ጸደቀ። ዳቺች ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ፖሊስ በእጁ ገባ ማለት ነው።

የታዲች ዴሞክራቲክ ፓርቲ የጂንጂች ፓርቲ ነው። ሚሎሶቪችን ለሄግ የሰጠው ጂንጂች፣ ማርች 2003 ቤልግሬድ ውስጥ መንገድ ላይ ሳይሆን በመንግሥቱ ሕንፃ ግቢ በአነጣጣሪ ተኳሽ ጥይት ተገደለ። ገዳዮቹ ከወንጀለኛ ቡድንና በሚሎሶቪች ዘመን ከተቋቋመ የፖሊስ ልዩ ኃይል የወጡ ናቸው። አምስት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ የእሱ ፓርቲና የሚሎሶቪች ፓርቲ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ኦክቶበር 2008 ታዲችና ዳቺች የእርቅ ሰነድ ፈረሙ። በጂንጂች ጊዜ አደባባይ የወጡ ሰዎች ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። እኔ ታዲችን አልኮንንም፤ ሌላው አማራጭ የራዲካሎች መንግሥት ነበር። ዋጋውን ግን የከፈለው ሕዝቡ ነው። ስለ 1990ዎቹ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ በእርቅ ስም ተዳፍኖ ቀረ።

ዳቺችስ ለምን ፊቱን አዞረ? እንደኔ ግምት፣ ከራዲካሎቹ ጋር ቢገባ ሦስተኛ ሰው ይሆን ነበር፤ ያውም አውሮፓ በሩን በዘጋበት መንግሥት ውስጥ። ከታዲች ጋር ግን ፓርቲው ከሚሎሶቪች ጥላ ወጣ። ሰው ስሙን የሚያድስበት ዕድል በየዓመቱ አይመጣም።

በፖሊስ ሚኒስትርነቱ ዘመን ሁለት ነገሮች ይታወሱለታል። አንደኛው የሄግ ተፈላጊዎች ጉዳይ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የቦስኒያ ሰርቦች መሪ የነበረው ራዶቫን ካራጂች የተያዘው መንግሥቱ በተመሠረተ በሁለት ሳምንት ነው። የዳቺች ሚኒስቴር ወዲያው «እኛ የለንበትም» አለ፤ መራጮቹን እያሰበ ነበር። የጦር አዛዣቸው ራትኮ ምላዲች ደግሞ በሜይ 2011 ላዛሬቮ በምትባል መንደር ተያዘ። ሁለተኛው ፓስፖርት ነው። ዲሴምበር 19 ቀን 2009 ሰርቦች ያለ ቪዛ ሼንገን መግባት ጀመሩ። ለዚህ አዲስ ባዮሜትሪክ ፓስፖርት ማተም ግዴታ ነበር፤ የሚያትመው የዳቺች መሥሪያ ቤት ነው። በኤምባሲ በር ሌሊት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህ ለተራው ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሜይ 2012 ላይ ሚዛኑ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ታዲች የፕሬዚዳንትነቱን ምርጫ በቶሚስላቭ ኒኮሊች ተሸነፈ። በምክር ቤት ደግሞ የኒኮሊችና የአሌክሳንዳር ቩቺች ፓርቲ 73፣ የታዲች 67፣ የዳቺች ጥምረት 44 አገኙ። ዳቺች ከታዲች ጋር እንደሚቀጥል ሲነገር ነበር። አልቀጠለም። አዲሶቹ አሸናፊዎች ታዲች ሊሰጠው የማይችለውን ሰጡት፤ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ወንበር። ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖም የፖሊስን ሚኒስቴር አለቀቀም። ሁለቱንም ይዞ ቆየ።

ያያዝኳችሁ ፕሪዝረን እዚህ ላይ ትመለሳለች። ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ ዳቺች በብራስልስ ከኮሶቮው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሺም ታቺ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠ። አደራዳሪዋ የአውሮፓ ኅብረቷ ካትሪን አሽተን ነበሩ። ሁለቱን ሰዎች አስቧቸው። አንዱ በ1999 የሚሎሶቪች ፓርቲ አንደበት ነበር፤ ሌላው የዚያን መንግሥት ጦር የተዋጉት የአልባኒያውያን ታጣቂዎች የፖለቲካ መሪ። ከብዙ ዙር ድርድር በኋላ ኤፕሪል 19 ቀን 2013 ባለ 15 ነጥብ ስምምነት ላይ ፊርማቸውን አኖሩ። በሰሜን ኮሶቮ ያለው የሰርብ ፖሊስ ወደ ኮሶቮ ፖሊስ እንዲገባ፣ ሰርቦች የሚበዙባቸው ማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ተባለ። ማኅበሩ ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈም በኋላ አልቆመም።

ፕሪዝረን የተወለደ ሰው ፕሪዝረን በቤልግሬድ እንደማትተዳደር የሚያመለክት ወረቀት ፈረመ። ሰርቢያ ለኮሶቮ ዕውቅና ሰጠች ማለት አይደለም፤ ዛሬም አልሰጠችም። ግን በሚሎሶቪች ተከታይ ፈንታ ሌላ ሰው ቢፈርመው ኖሮ ከሃዲ ተብሎ አደባባይ ይቃጠልበት ነበር። ዳቺችን ከጎን ሊወጋው የሚችል ብሔርተኛ አብዛኛው እዚያው መንግሥቱ ውስጥ ነበር። በዚህ ፊርማ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት የአባልነት ድርድር ጃንዋሪ 21 ቀን 2014 በይፋ ተከፈተ። በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከልቤ የማከብርለትም ይህንን ነው።

ከ2014 በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ቩቺች ብቻውን 158 መቀመጫ አገኘ፤ ዳቺች ለ126 አላስፈለገም። ጠቅላይ ሚኒስትርነቱንም ፖሊሱንም አጣ፤ የውጭ ጉዳይ ተሰጠው። በ2020 ቩቺች 188 ሲያገኝ ዳቺች ከካቢኔ ወጥቶ አፈ ጉባኤ ሆነ። በ2022 የቩቺች ጥምረት ወደ 120 ወረደ፤ ለ126 ስድስት ጎደለው። ዳቺች 31 መቀመጫ ነበረው። በዚያ መኸር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና አንደኛ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ተመለሰ። ወንበሩ ሲሰፋና ሲጠብ ቁጥሩን እየተከተለ ነው።

በዲሴምበር 2023 ግን ፓርቲው ወደ 18 መቀመጫ ወደቀ። ሆኖም በሜይ 2024 እንደገና የፖሊስ ሚኒስትር ሆነ። ቁጥሩ ብቻውን ይህን አያስረዳም። ኖቬምበር 1 ቀን 2024 የኖቪ ሳድ ባቡር ጣቢያ ጣሪያ ተደርምሶ 16 ሰው ሞተ። ተማሪዎች ለወራት አደባባይ ወጡ። ማርች 15 ቀን 2025 ቤልግሬድ ላይ በዝምታ የቆመው ሰልፍ በድንገት ተበተነ፤ ብዙዎች የድምፅ መሣሪያ ተተኮሰብን አሉ። ዳቺች ፖሊስ መሣሪያው አለው፣ ግን አልተጠቀመበትም ብሎ ተከራከረ። የተማሪዎቹን ቁጣ የሚቀበለው ወንበር የእሱ ሆኗል። ለዚህ ወንበር የከፈለው ዋጋ ገና አልተቆጠረም፤ ፓርቲው ራሱን ችሎ ቢወዳደር ምክር ቤት መግባቱም ያጠራጥራል።

ወላዋይ ነው ወይ ላሉት፣ ቃሉን አልወደውም። ወላዋይ መቆሚያ የሌለው ሰው ነው። ዳቺች ግን አንድ የማይለቀው ነገር አለ፤ ፓርቲውን በመንግሥት ውስጥ ማቆየት። በ2007 በግማሽ ነጥብ የተረፈ ሰው ውጭ መቆምን ይፈራል። በፓርቲው ውስጥ ደግሞ ዝርዝሩን የሚያወጣው እሱ ስለሆነ የሚከራከረው የለም። የምወቅሰው ሌላ ነገር ነው። ፓርቲው ለሠራተኛውና ለጡረተኛው እቆማለሁ ይላል። ከአራት መንግሥት በላይ ውስጥ ተቀምጦ ግን የራሱን ፖሊሲ ይዞ ተጣልቶ የወጣበት ቀን የለም።

የአፍሪካው ጉዳይ እውነት ነው፣ ግን «አቆራረጠ» የሚለው ይበዛበታል። በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ ጊዜ ቤልግሬድ ለኮሶቮ ዕውቅና የሰጡ አገሮች ዕውቅናቸውን እንዲያነሱ ትልቅ ዘመቻ ጀመረች። መጀመሪያ በ2017 የደቡብ አሜሪካዋ ሱሪናም ደብዳቤ ጻፈች። ከአፍሪካ ደግሞ ቡሩንዲ፣ ሌሶቶ፣ ማዳጋስካር፣ ቶጎ፣ ጋና፣ ሴራሊዮን። ዳቺች የመጣውን ደብዳቤ ወረቀቱን ይዞ ለጋዜጠኞች ያሳይ ነበር። በ2020 ቤልግሬድ 18 ደረሱ አለች፤ የኮሶቮ ዋና ከተማ ፕሪስቲና ግን አብዛኛውን አትቀበልም። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በዋሽንግተን ስምምነት ዘመቻው ለአንድ ዓመት እንዲቆም ተደረገ።

አገሮቹ ያደመጡት ለምንድን ነው? አንዳንዱ ጥቅም ነው። ለምሳሌ ለቡሩንዲ ዜጎች ያለ ቪዛ ሰርቢያ መግባት ተፈቅዶ ነበር። በ2022 ብዙ ቡሩንዳውያን በቤልግሬድ በኩል ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሲያልፉ ብራስልስ ተቆጣች፤ ኦክቶበር ላይ በሩ ተዘጋባቸው። መንገድ ላይ የነበሩትን ሳስብ ያሳዝነኛል፤ ሁለት መንግሥታት በተለዋወጡት ደብዳቤ የተከፈተ በር በሦስተኛ ወገን ቁጣ ተዘጋ።

ሌላው ግን የቆየ ነው። የአፍሪካ አገሮች በ1964 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የወረሱትን ድንበር ላለመነካካት ተስማምተዋል፤ የመገንጠል ነገር ያስፈራቸዋል። ከዩጎዝላቪያ ጋር ያለው ወዳጅነትም አልተረሳም። በ1961 ቤልግሬድ ላይ የገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ ሲመሠረት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ቀረብ ብለው ያዩ ሰዎች የነሐሱን ቅርጽ ያስታውሳሉ፤ የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው፣ የቲቶ ስጦታ ነው። የሰርቢያ ዲፕሎማቶች አዲስ አበባ ሲመጡ ይህን ያውቃሉ።

ኢትዮጵያ ለኮሶቮ ዕውቅና አልሰጠችም። ኬንያ በማርች 2025 ሰጥታለች። ለቤልግሬድ የእያንዳንዱ አገር አቋም ስንት እንደሚመዝን በኖቬምበር 2015 ፓሪስ ላይ ታይቷል። ኮሶቮ ዩኔስኮ ለመግባት አመለከተች። በኮሶቮ ያሉት የሰርብ ኦርቶዶክስ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት በማን ስም ይጠሩ የሚል ጥያቄ ነበር፤ ከእነሱ አንዷ ዳቺች በተወለደባት ፕሪዝረን ያለችውና በ2004 ሁከት የተቃጠለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ናት። 92 አገሮች ደገፉ፣ 50 ተቃወሙ፣ 29 ድምፅ አልሰጡም። 95 ነበር የሚያስፈልገው። ሦስት ድምፅ ጎደለ።